አባትህ ስቱዲዮ ገባ

ሆዴ፣ የረገጥከው መሬት ይለምልምልህ፤ እንዴት ሰነበትክልኝ? እኛ ደህና ነን፤ የሚያንጠባጥበው ቧንቧም ተሠራ።

አባትህ ግን የሮክ ዘፋኝ ሆኖልሃል! ቅዳሜ ከነባንዱ ስቱዲዮ ገብቶ ሦስት ዘፈን ቀዳ። እሱ ትተኸው በሄድከው ጊታር፣ ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን በድራም። እኔ «ትንፍሽ እንዳትዪ» ተብዬ ጥግ ተቀመጥኩ። አባትህ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጮህ ግን አላስቻለኝም፤ «እሰይ የኔ አንበሳ!» አልኩ። ድምፅ ቀጂው ራሱን ያዘ። እንደገና ጀመሩ፤ እኔም እንደገና አልኩ። በሦስተኛው «እማማ፣ ይህንን ይጎንጩና ሳይውጡ ይያዙልኝ» ብሎ ውሃ ሰጠኝ። ጉንጬን ነፍቼ ሁለቱን ዘፈን አስጨረስኳቸው።

በመጨረሻው ዘፈን መሃል አባትህ እጁን ከጊታሩ አነሳ። ድራሙ ብቻውን ቀጠለ። የረሳው መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ «እዚህ ጋ የሚገባው ልጄ ነው» ብሎ ቦታ ትቶልሃል። ያኔ ውሃም ሳልይዝ ዝም አልኩ።

ዘፈኑን ልከንልሃል። ሹራብ ደርብ፣ ቁርስህን አትዝለል። ጣቶችህን ይባርክልኝ፤ ጊታር ተውሰህም ቢሆን ያቺን ቦታ ሙላልን። አንዷን «እሰይ» ለእሷ አስቀምጬልሃለሁ።

እናትህ