ደምሽ “ትቆያለች” ብሎን ነበር

እማዬ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነን። ይህን ደብዳቤ ስጀምር አራተኛዬ ነው፤ ሦስቱን ሰላምታው ላይ ስደርስ ቀድጃቸዋለሁ። ለሩቅ ሰው ሲጻፍ ጤና ይጠየቃል፤ አንቺን ምን ብዬ ልጠይቅሽ? የራሴን ልንገርሽ። ደህና ነኝ፣ ግን ደክሞኛል። እንቅልፍ የማያወጣው ዓይነት ድካም ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። በክረምቱ የጓዳው ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሮ ገመቹ በጎረቤት በኩል አናጺ ልኮ አስጠገነው። ልጅሽ ለእህቱ ሳይደውል ለምን በጎረቤት በኩል እንደላከ ኋላ እነግርሻለሁ። ከበላያችን ወደ እንጦጦ መውጫ ያለው ባሕር ዛፍ ግማሹ ተቆርጦ ቤት እየተሠራበት ነው። መገናኛ ላይ አቧራ ያስዋጠሽ የባቡር ሥራ አልቆ ባቡሩ መሄድ ጀምሯል፤ እኔ አንድ ቀን ብቻ ተሳፍሬበታለሁ። የስፌት መኪናሽን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። ሳትጨርሺያቸው የቀሩትን አራት የመዘምራን ጋውኖች ከቀበና የምትመጣው አልማዝ ጨረሰቻቸው። እጅጌያቸው አንቺ እንደምትፈልጊው አልወደቀም፤ ልጆቹ ግን ለብሰው ዘምረውባቸዋል።

የምጽፍልሽ ስለ ቤቱ ብዬ አይደለም። ሳልነግርሽ የቀረሁት ነገር አለ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ኬሞ ስትጀምሪ ዶክተር ሰናይት ለጥናቷ ደም እንድትሰጫት የጠየቀችሽ ቀን ትዝ ይልሻል? እኔ የምሠራበት ላቦራቶሪ ነበር ጥናቱን የሚያግዘው። አጠገብሽ ተቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳችሽ። ዘረመላችን ላይ ትንንሽ ምልክቶች ይለጠፋሉ አለች፤ ዘረመሉን አይለውጡትም፣ የትኛው ክፍል ይሥራ፣ የትኛው ይተኛ ብለው ያዛሉ እንጂ። ካንሰር ሲኖር ምልክቶቹ ይዛባሉ፤ መዛባታቸው ደም ውስጥ ይታያል። ከዚያ ተነስቶ የትኛው በሽተኛ ረጅም ጊዜ፣ የትኛው አጭር ጊዜ እንደሚኖር መገመት ይቻል እንደሆነ ነበር የምታጠናው። አንቺም ሰምተሽ ስታበቂ፣ “ገባኝ። ጨርቁ ያው ነው፤ መቀስ የት እንደሚገባ የሚያሳየው ጠመኔው ነው” አልሻት። ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ለሌሎች በሽተኞች ስታስረዳ በአንቺ ጠመኔ ነው የምታስረዳው።

“ውጤቱን ትነግሪኛለሽ?” ብለሽ ጠየቅሻት።

“አልነግርዎትም እናቴ። ገና ጥናት ነው፤ ለማንም አንናገርም” አለችሽ።

ወደ እኔ ዞረሽ በኦሮምኛ፣ “ደሜ እኔ የማላውቀውን ያውቃል ማለት ነው?” አልሽኝና ፈረምሽ። ደምሽን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ብልቃጡ ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር እንጂ። ቁጥሩንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ሥራ ለሌላ ሰው መተው ነበረብኝ፤ እጅሽን ሌላ ሰው እንዲወጋሽ ስላልፈለግሁ አልተውኩም።

ደሙ ውጭ አገር ተልኮ ከወራት በኋላ ውጤቱ በሰንጠረዥ መጣ። ሁለት ዓምድ ነበረው፤ ረጅም ይኖራሉ የተባሉና አጭር ይኖራሉ የተባሉ። ዶክተር ሰናይት ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ትታ ስብሰባ ገባች። እኔ የብልቃጥ መደርደሪያ ላስቀምጥ ነበር የገባሁት። ማየት እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ አየሁት። ቁጥርሽ ረጅሙ ዓምድ ውስጥ ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ።

በዚያው ሳምንት ነው ስልኩን አንስተሽ ለገመቹ ልትደውዪ የነበረው። ጋምቤላ መንገድ ሥራ ላይ ነበር፤ ቢነሳ እኛ ጋ ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። “ልጄ ይምጣ፤ ሰውነቴ ደስ አላለኝም” አልሽኝ። ሆድሽ እንደገና መነፋት ጀምሮ ነበር። የዓይንሽ ነጩ ክፍል ቢጫ ሆኖ ነበር። እማዬ፣ ይህንን አይቼዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ላቦራቶሪ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የካንሰር ታማሚ ዓይን ቢጫ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋኝም። ግን ያን ወረቀት ስላየሁ የገዛ ዓይኔን አላመንኩትም።

ስልኩን ከእጅሽ ወሰድኩ። “እኔ እነግረዋለሁ፤ አንቺ ዕረፊ” አልኩሽ። “እንዳልሽ” አልሽ። ለእሱ ደግሞ፣ “ደህና ናት፤ ኬሞው ነው ያደከማት። ለፋሲካ ብትመጣ ይበቃል” አልኩት። ፋሲካ ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አንቺ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረሽ።

“ገመቹ መቼ ነው ያልሽኝ?” ብለሽ ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ። በመጀመሪያው ጊዜ ለፋሲካ አልኩሽ። ሁለተኛው ጊዜ መንገዱ ተበላሽቶበት ይሆናል አልኩሽ፤ መንገዱ ምንም አልሆነም ነበር። በሦስተኛው ጊዜ እኔም ነገሩ ገብቶኝ ስለነበር ጠዋት ደውዬለት ተነስቶ ነበር፤ “ነገ ይገባል” አልኩሽ። ነገ እንደማይገባ አውቅ ነበር። በነጋታው አረፍሽ። እሱ የደረሰው ከቀብሩ ማግስት ነው፤ ጫማው ላይ የጋምቤላ ጭቃ ደርቆ እንዳለ ድንኳን ውስጥ ገብቶ ባዶውን አልጋሽን አሳዩኝ አለ።

ለቅሶ የመጡት ሁሉ ጌታ ጊዜውን ያውቃል ይሉን ነበር። እኔም እንደ ብርድ ልብስ ተከናነብኩት። ገመቹ ፈቃድ ቶሎ ባለመጠየቁ ራሱን ሲወቅስ እሰማለሁ፤ ዝም እላለሁ። ከአንድ ዓመት በላይ ዝም አልኩ። ዝምታ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ዶክተር ሰናይት ጠራችኝ። የተረፈው ደምሽ ፍሪዘር ውስጥ አለ፤ ለቀጣዩ ጥናት እንድትጠቀምበት ልጆችሽ ሁለታችንም እንድንፈርም ፈለገች። እስክሪብቶውን አቀበለችኝ፤ እኔ ግን መፈረም አቃተኝና ያየሁትንም ያደረግሁትንም ነገርኳት። “ሌንሳ፣ ያ ወረቀት የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው ነው” አለችኝ። “መቶ ሰው ብትሰጪው ምናልባት አብዛኛውን ያውቅልሻል። አንዲት እናት ብትሰጪው ግን ምንም ላያውቅ ይችላል። ለዚህ ነው የማንናገረው።” ለኃላፊዎች ማሳወቅ ግዴታዋ ነበር፤ አሳወቀች። ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኝ ከጥናቱ ወጣሁ። አሁን የሰገራ ምርመራ ላይ ነኝ። አልተከፋሁም፤ ሥራው ሥራ ነው።

ገመቹ በፈቃድ በመጣ ጊዜ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ አብረን እንሂድ አልኩት፤ ቤት ውስጥ፣ አልጋሽ አጠገብ መናገር ስላልቻልኩ ነው። ወደ ራጉኤል የሚወጡ ሰዎች እያለፉን ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ “ስለ እኔ ጠይቃ ነበር?”

“ሦስት ጊዜ” አልኩት።

መንገዱ ዳር እንደ ደከመው ሰው ተቀመጠ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስቶ ብቻውን ወረደ፤ በማግስቱ ወደ ሥራው ሄደ። አራት ወር አልደወለልኝም። ጣሪያውን በጎረቤት በኩል ያስጠገነው ያን ጊዜ ነው። ተጣልቶኝም ቢሆን ዝናብ እንዳይወርድብኝ አሰበልኝ። ያን ቀን ቆርቆሮው ሲመታ እየሰማሁ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ነበር።

ከአዲስ ዓመት በኋላ ሳይነግረኝ መጥቶ ቀጥታ ዶክተር ሰናይት ጋ ሄደ። የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። “የእናቴን ደም አውጥታችሁ ድፉልኝ ልላችሁ ነው የመጣሁት” ብሏታል። “መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ይህ ነገር በእሷ ላይ ለምን ተሳሳተ?” እሷም እንደማታውቅ ነግራዋለች። ወረቀቱ ከተሳሳተባቸው ሰዎች ደም ነው ስህተቱ የሚገኘው፤ የእነሱን ብንደፋ ወረቀቱ ልክ የሆነ ይመስለናል፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ሰው እንዲሁ ያታልለዋል ብላዋለች። ገመቹ ቅጹን ሁለት ጊዜ አንብቦ ፈረመ። እኔም በማግስቱ ከእሱ ፊርማ በታች ፈረምኩ። ደምሽ እዚያው ነው እማዬ። ቁጥርሽ አሁንም በረጅሙ ዓምድ ተጽፏል፤ ከጎኑ ግን የኖርሽበት ጊዜ በትክክል ገብቷል።

እኔና ገመቹ ታርቀናል ብዬ አልዋሽሽም። እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ይደውላል። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ወረዳው ደብዳቤ ይጠይቀኛል። ስለ አንቺ አያነሳም፤ እኔም አላነሳም። ባለፈው እሑድ ግን ሊዘጋ ሲል፣ “ትበያለሽ?” አለኝ። “እበላለሁ” አልኩት።

ይቅር በዪኝ ብዬ ልጨርስ ነበር፤ መልስ ልትሰጪኝ ስለማትችዪ ተውኩት። እዚያ ስንገናኝ ፊት ለፊት እጠይቅሻለሁ።

እስከዚያ ቃል የምገባልሽ አንድ ነው። ሰው የሞተበትን ሲያስብ ደህና ደህናውን ይመርጣል። ለመዝሙር ልምምድ የዘገዩትን ልጆች ስትጠብቂ፣ በጎረቤት ልጅ ሠርግ ላይ ስትስቂ፣ አንቺን እንዲህ ብቻ ማስታወስ ለእኔ ቀላሉ ነው። ቀላሉን አልመርጥም። የደረቀ ከንፈርሽን፣ ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቂኝ የነበረውን ድምፅሽን፣ ነገ ብዬ ስዋሽሽ አምነሽኝ ዓይንሽን መጨፈንሽንም ጨምሬ አስታውስሻለሁ። ከዚያ ውስጥ አንዱን ባስቀር የማስታውሳት ሌላ ሴት ትሆናለች።

ልጅሽ ሌንሳ
የካ