በቀይ ክር የታሰረው ቁራሽ

ውድ ማርላ፣

ከማን እንደመጣ ስታዪ ይህን ደብዳቤ ሳትከፍቺው ልትጥዪው ትችያለሽ። አልፈርድብሽም። እኔም ብሆን ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ ከእንጀራ ልጄ ወረቀት ቢደርሰኝ፣ መጀመሪያ የምለው "ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?" ነው።

ቤታችን ስትገቢ እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመቴ። መንገዱን ተሻግራ የምትኖረው አክስቴ ፌይ ገና ሻንጣሽን ከመኪና ሳታወርጂ ጆሮዬን ይዛው ነበር። "ዓይንሽን ግለጪ ልጄ፤ በመጀመሪያው ዓመት የማትጣፍጥ እንጀራ እናት የለችም። ለመሆኑ የፊተኛው ባሏ በምን ሞተ? ጠይቄ ጠይቄ የሚነግረኝ አጣሁ!" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጅሽን ነበር የማየው። ፊትሽን ሳይሆን እጅሽን። ጨው ስትነሰንሺ፣ ሻይ ስትቀጂ፣ የአባቴን ሸሚዝ ስታጥፊ።

የፖም ለቀማው የጋለበትን ያንን የጥቅምት እሑድ ታስታውሺው ይሆን? አባቴ በተቀጠረበት እርሻ ላይ ትራክተር እየነዳ ሳጥኖቹን ሲያመላልስ ሰነበተና፣ አንቺ ለምሳ ዕቃው የሚሆን ጣፋጭ ልትሠሪለት ተነሣሽ። የደረቀውን ፖም በመቀስ ጥፍር እያሳከልሽ ከተፍሽው። የፖሙን ጭማቂ እንደ ማር እስኪወፍር አፈላሽው። ቅቤውን በትልቁ ድስት ቡናማ እስኪሆን አቀለጥሽና ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን፣ ገውዙንና ዝንጅብሉን ጣል ጣል አደረግሽበት፤ ቤቱ በሙሉ ታወደ። ከዚያ ማርሽማሎ የሚሉት ለስላሳ ነጭ ከረሜላ ገባ፤ ቀለጠና እንደ ገመድ ይሳብ ጀመር። እኔ ጠዋት በወተት የምበላውን የፈነዳ ሩዝ ሙሉ ካርቶን ገለበጥሽበት።

"ሮንዳ፣ ነይ እጅሽን ቅቤ ቀቢና ጠፍጥፊልኝ፤ ከቀዘቀዘ እንደ ሙጫ ነው የሚይዘን!" አልሽኝ።

"የቤት ሥራ አለኝ።"

"እሺ፣ ቅመሺው እንኳ።"

"አልፈልግም።"

"ፖም ትጠያለሽ እንዴ?"

"ፖም አልጠላም።"

ምኑን እንደምጠላ ገባሽ። "ግድ የለም፣ እኔም አፍ አለኝ" ብለሽ ሳቅሽ፤ ቁራሿን ራስሽ በላሻት። እኔ ግን ከበር ላይ ሆኜ እስክትውጫት ድረስ ጠበቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ካልሲዬን ፍለጋ ስወርድ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ቆመሻል። ነጭ ክኒን በሁለት ማንኪያዎች መሀል ትፈጫለሽ። ዱቄቱን በስኒ ካስቀረሽው የቀለጠ ማርሽማሎ ጋር አዋሕደሽ በሁለት ስስ ቁራሾች መካከል ቀባሽው፤ በሰም ወረቀት ጠቀለልሽና በቀይ ክር አሰርሽው። ሌሎቹን ቁራሾች ግን ክር አላሰርሽባቸውም።

"ምንድነው እሱ?" ስልሽ ደነገጥሽ።

"የአባትሽ ነው። ይቺን አንቺ እንዳትነኪ፣ እሺ?" አልሽና የክኒኑን ጠርሙስ ዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ ቀበርሽው።

ለአክስቴ ፌይ ስነግራት ሹራብ መሥሪያዋን ጣለችው። "ዱቄት ውስጥ? ጤነኛ ሰው መድኃኒት ዱቄት ውስጥ ይደብቃል?"

"ለአባዬ ልንገረው?"

"አባትሽማ ዓይኑ ሲታወር ጆሮውም አብሮ ተደፍኗል። ዝም ብለሽ ማስረጃ ያዢ።"

ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሳይመጣ፣ አንቺ ፎቅ ላይ አልጋ ስታነጥፊ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠውን የአባቴን ምሳ ዕቃ እከፍታለሁ። ክሩን ፈትቼ ያንን ቁራሽ አወጣና በቦታው ደህናውን አስገባለሁ፤ ከዚያ መልሼ አስረዋለሁ። አስተሳሰርሽን ሳይቀር አጥንቼው ነበር። ያወጣሁትን አልጋዬ ሥር ባለ የጫማ ካርቶን ውስጥ አኖረዋለሁ፤ ቀኑንም እጽፍበታለሁ። አንድ ቀን ለፖሊስ ላስረክበው። አባቴ ማታ ገብቶ "ማርላ፣ የዛሬውስ ልዩ ነበር!" ሲልሽ እኔ ሳህኔ ላይ አቀርቅሬ እስቃለሁ። አዳንኩት እያልኩ።

በስድስተኛው ቀን ስኒ ከእጁ ወደቀበት። በሰባተኛው እራት ላይ ማንኪያውን አንሥቶ ወደ መስኮቱ አፍጥጦ ቀረ። "ዱዌይን? ዱዌይን!" ስትይው እንደ ባነነ ሰው ነቃ። አንቺ ቀለምሽ ተለወጠ። እኔም አየሁሽ። እኔ መቀየር ሳልጀምር ያበላችው መርዝ እየወጣ ነው፣ ለዚህ ነው የደነገጠችው ብዬ ደመደምኩ። የጠረጠረ ሰው ሁሉ ነገር ይገጥምለታል፣ ማርላ።

በአሥረኛው ቀን ርእሰ መምህሩ ከክፍል ጠሩኝ። ትራክተሩ ቦይ ውስጥ ተገልብጦ የአባቴ እግር ከሥሩ ተቀርቅሯል። ያዩት ለቃሚዎች፣ ሳይገለበጥ በፊት መሪውን እንደያዘ ደርቆ ነበር አሉ።

ሌላ መንገድ አግኝታለች አልኩ በሆዴ። ማስረጃዬን ላወጣ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አልጋዬ ሥር ምንም የለም። ካርቶኑ ተወስዷል! ከዚህ በኋላ ምን ይጠረጠራል? ነገሩ አለቀለት።

ሆስፒታል የተኛበት ክፍል በር ላይ ቆሜ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሰማሁሽ፤ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዱዌይን።" ከዚያ አባቴ፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ "ውጪ። ከቤቴም ውጪልኝ" አለሽ።

መደበቅ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ።

የሄድሽ ዕለት መኝታ ቤቴ በር ላይ ቆመሽ፣ "ሮንዳ፣ አባትሽን በደንብ ጠብቂልኝ" አልሽኝ። ዛቻ መስሎኝ በሩን ፊትሽ ላይ ዘጋሁት። ቁልፉን ሳዞረው ድምፁን ሰምተሻል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዬ አያስቀናም። ሰው ቤት ስጋበዝ ሌላው እስኪጎርስ እጠብቃለሁ። ባል አግብቼ ኪሱን ስፈትሽ ኖርኩ፤ ምንም ሳላገኝበት ሰለቸውና ሄደ። ምንም አለማግኘቴን ራሱ እጠረጥረው ነበር።

አባቴ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶት አሁን እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ባለፈው ወር የሳምንቱን ክኒኖች ስደለድልለት፣ አንዱን አንሥቼ፣ "ይሄኛውን ከመቼ ጀምሮ ነው የምትወስደው?" አልኩት።

"የሚጥለኝ በሽታ መድኃኒት ነው? ኧረ አንቺ ሕፃን ሳለሽ ጀምሮ።"

"የሚጥልህ በሽታ?"

"ከመሰላል ወድቄ ጭንቅላቴን ከተመታሁ በኋላ የመጣ ነው። ባለእርሻው ቢሰማ ትራክተሩን ይቀማኝ ነበር፤ ስለዚህ ደበቅን። የጠዋቱንና የማታውን ቤት እውጣለሁ። የቀትሩን ግን ማርላ ጣፋጭ ውስጥ ትከትልኝ ነበር። ክኒን የሚውጥ ሰው 'ምን ሆነህ ነው?' ይባላል፤ ጣፋጭ የሚበላን ማን ይጠይቀዋል?" ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። "ምን ያደርጋል፣ ረሳችው። ራሷ ነገረችኝ። አንድ ቀን ቢሆን እሺ፤ ዘጠኝ ቀን! ሰው ዘጠኝ ቀን ይረሳል?"

ማርላ፣ ካርቶኑ ውስጥ የነበሩት ዘጠኝ ናቸው። በአሥረኛው ቀን ጠዋት አውቶቡሱ ቀድሞ ስለመጣ አልቀየርኩም ነበር፤ የቀትር ምሳው ሳይደርስ ነው ትራክተሩ የተገለበጠው። የኔን የልጅ ጽሕፈት፣ የኔን ቀኖች አይተሽ፣ ቆጥረሽ፣ ቁጥሩን በራስሽ ላይ አደረግሽው።

እውነቱን ልንገርሽና፣ ከዚያም በኋላ ጠረጠርኩሽ። ልማድ ነው። ለኔ ብላ ነው ወይስ ከዚያ ቤት መውጫ ምክንያት ስትፈልግ አገኘችው? እጇን እጇን አፍጥጣ ለምታያት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ብላ ባሏን የምታጣ ሴት አለች? ሦስት ቀን ክፉ ምክንያት ስፈልግልሽ ከረምኩ። አላገኘሁም። በዚህኛው ጊዜ ግን አለማግኘቴን አመንኩት።

አድራሻሽን አክስቴ ፌይ ጋ አገኘሁት። በየገናው ካርድ እየላክሽ "ልጅቷ ደህና ናት?" ስትዪአት ኖረሻል ለካ! አሁን ዘጠና ሊሞላት ነው፤ "ለምን አልነገርሽኝም?" ብዬ ስጮህባት፣ "አልጠየቅሽኝማ" አለችና የመስሚያ መሣሪያዋን ከጆሮዋ ነቀለችው።

ለአባቴ ባለፈው እሑድ ነገርኩት። ክሩን፣ ካርቶኑን፣ ሁሉንም። አላቋረጠኝም። ስጨርስ፣ "ካርቶኑን አግኝታው ነበር ማለት ነው?" አለኝ።

"አዎ፣ አባዬ።"

ኮፍያውን አደረገና ወጥቶ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጠ፤ እንደማይነዳ እያወቀ። አንድ ሰዓት ያህል በመስኮት አየሁት። ሊመታኝ ወይም ሊያለቅስ ነው ብዬ ነበር። ተመልሶ ሲገባ ግን፣ "ያን ቀን ሻንጣዋን ይዤ እንኳ አልሸኘኋትም" አለ። ወንበር ላይ ተቀመጠ። "አንቺ ልጅ ነበርሽ። እኔ ግን ትልቅ ሰው ነበርኩ፤ 'እንዴት ዘጠኝ ቀን ረሳሽ?' ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኋትም።"

"ልጻፍላት?"

"ጻፊላት። የራስሽን ግን ብቻ ጻፊ። የኔን እኔው እነግራታለሁ።"

ስለዚህ ይኸው የኔን ጻፍኩ። መድኃኒቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እግሩንም፣ ትዳርሽንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምንም አልረሳሽም። ይህንን የሰማሽው ከኔ አፍ ይሁን ብዬ ነው።

የሚመጣው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አመጣዋለሁ። መኪናዋን ከመንገዱ ማዶ አቆማለሁ። አባቴ ምርኩዙን ይዞ ብቻውን ደጃፍሽ ድረስ ይመጣል፤ ቀስ ብሎ ነውና የሚራመደው፣ ለመወሰን ጊዜ ይኖርሻል። ባትከፍቺም መብትሽ ነው፤ ይዤው እመለሳለሁ፣ ሁለተኛም አናስቸግርሽም። እኔ ካልጠራሽኝ ከመኪናው አልወርድም። ከጠራሽኝ ግን ያቀረብሽልኝን ሁሉ ማንም ሳይቀምስልኝ እበላለሁ።

ያልገባት ጠባቂ፣
ሮንዳ