የእህቴ የጥርስ ጀሶ ከመሰበሩ በፊት እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የጥርስ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ስለ ጥርስዎ ግን አልጠይቅም፤ በአዳራሹ በተሰቀለው ፎቶግራፍዎ ላይ ሠላሳ ሁለቱንም አሳይተውናልና። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ ልብስ ሰፊ የነበረችው ታላቅ እህቴ የእርስዎ ታካሚ ነበረች። እንደሚከተለው ላመስግንዎ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ። እህቴ ምግብ ውስጥ በነበረ ጠጠር የኋላ ጥርሷ ሲሰነጠቅ፣ ሐኪሙ ተራ ሙሌት እንደማይዘልቅላት ነግሮ ኦንሌይ የሚባል፣ በጥርሱ ልክ ላብራቶሪ ተሠርቶ እንደ ክዳን የሚለጠፍ ነገር አዘዘላት። ጥርሱን ቦረቦረ፣ የጥርሶቿን ሁሉ ልክ ወስዶ ቅርጻቸውን በጀሶ አወጣ፣ ቀዳዳውን ሁለት ሳምንት በሚቆይ ጊዜያዊ ሙሌት ደፈነ። ጀሶው ወደ ላብራቶሪ ለመሄድ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ የታካሚዎችን እንግልት ስለ መቀነስ ሥልጠና ላይ ነበሩ። ሥልጠናው ስድስት ሳምንት መፍጀቱ ጉዳዩን ምን ያህል በጥልቀት እንደያዙት ያሳያል።

2ኛ. ስለ ሥርዓታችሁ። ጊዜያዊው ሙሌት በሦስተኛው ሳምንት ወለቀ። ቆይቶ ጉንጯ አበጠ፤ አንገቷን ማዞር ስላቃታት ስትሰፋ ወንበሯን ታዞር ነበር። አብሬያት መጣሁ። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ፣ ካርዷ «ሥራ የሚጠብቁ» ከሚባለው መሳቢያ ኦንሌዩ ሳይመጣ እንደማይወጣ፣ ድንገተኛ ክፍልም ያለ ካርድ ማንንም እንደማያይ በትሕትና አስረዱን። «ሲመጣ ሁሉም ይስተካከላል፤ እስከዚያ አትነካኪው የኔ እናት» አሏት። አልነካካችውም። አራት ጊዜ ተመላልሰን አራት ጊዜ ይህንኑ ሰማን። በዘጠነኛው ሳምንት እብጠቱ ወደ ጉሮሮዋ ወርዶ ትንፋሽ ከለከላት። የዚያን ቀን ካርድ አልተጠየቅንም፤ ለዚህም እናመሰግናለን።

3ኛ. ስለ ቃል አክባሪነታችሁ። በተቀበረች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደወላችሁ። ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት፤ ኦንሌዩ ስለደረሰ ልጅዎ ቁርሷን በልታ ትምጣ ተባለች። «እሺ» ብላ ዘጋችው።

እኔ መጣሁ። የላብራቶሪው ባለሙያ ኦንሌዩን ከጀሶው ላይ ገጥመው ሲያሳዩኝ ስንጥቁ የት እንደነበረ እንኳ አይታወቅም። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያማረ ሥራ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን የማየው ጀሶውን ነበር። ክር ስትበጥስበት የተሸረፈው የፊት ጥርሷ ሳይቀር አለ። እናቴ «መቀስ ጠፍቶ ነው?» ብላ ስትቆጣት፣ «እማዬ፣ መቀስ ተፈልጎ ነው የሚገኘው፤ ጥርሴ የትም አይሄድብኝም» ትላት ነበር።

ባለሙያው ቢሰጡኝ ደስ ባላቸው። ነገር ግን በመመሪያዎ መሠረት ጀሶ የሚሰጠው ባለቤቱ በአካል ቀርቦ ሲፈርም ብቻ ሲሆን፣ ያልተወሰደ ከወጣ በሦስት ወሩ ይሰበራል። ሦስት ወሩ የሚሞላው አርብ ነው። ማመልከቻ ደግሞ መልስ የሚያገኘው በአሥራ አምስት ቀን እንደሆነ መዝገብ ቤት ነግሮኛል። ስለዚህ የምጠይቅዎ ይፈጸማል ብዬ አይደለም። ኦንሌዩን አንፈልግም፣ ጀሶውን ብቻ ነው። ፎቶ የምትነሳው አፏን ገጥማ ስለነበረ ጥርሷ ያለው የእናንተ መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው። ካልሆነም፣ አርብ የሚሰብረው ሰው አስቀድሞ ያንን የፊት ጥርስ አንድ ጊዜ ይይልን።

ለፊርማዎ ክብደትና ለመሳቢያዎችዎ ጥብቀት ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በሚቀጥለው ሥልጠናዎ መልካሙ ሁሉ እንዲገጥምዎ እመኛለሁ።

የታካሚዎ ታናሽ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ይህን የጻፍኩት ከቢሮዎ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። አጠገቤ ጉንጫቸውን በመሐረብ ያሰሩ አንድ አናጢ ተቀምጠዋል፤ «ይጠብቁ» ከተባሉ አምስተኛ ሳምንታቸው ነው። ቤታቸው ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ሰው እንዳለ ልጠይቃቸው አስቤ አልደፈርኩም።