ሰባተኛዋ ዓሣ

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታበባ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ይቆረጥመኝ ጀመር ያልሽውን ካነበብኩ ወዲህ እዚህ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር አንቺን አስባለሁ። ባለቤትሽና ልጆችሽ ደህና ናቸው? የእናታችን ዓይን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሰው ይለይላት ጀመር? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ደህና ያልሆነውን ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰሚው ራሴ ልጽፍልሽ ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

ሥራህ ምንድን ነው ባልሽኝ ቁጥር ዓሣ ቤት ነው እልሻለሁ፤ አንቺም የሚጠበስ ዓሣ ይመስልሻል። አይደለም። ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ በመስታወት ሣጥን የሚያኖሩትን የባሕር ዓሣ ነው የምንሸጠው። ውኃውን ከጨው ጋር እናዋሕዳለን፣ ድንጋዩን እንደረድራለን፣ ዓሣውን እንመርጣለን። ከሁሉ የሚከብደው መምረጡ ነው። ደንበኛ ቀለም አይቶ ይወዳል፤ የትኛው ከየትኛው ጋር ተስማምቶ እንደሚኖር ግን አያውቅም። አፈ ሰፊው ትንሹን ይውጠዋል። ጠበኛው ቀድሞ ከገባ ቤቱ የኔ ነው ይልና ኋላ የመጣውን ያሳድዳል፤ ስለዚህ የዋሁ ይቀድማል፣ ጠበኛው መጨረሻ ይገባል። በመልክም በቀለምም የሚመሳሰሉትን አንድ ሣጥን ውስጥ መክተት ደግሞ ጦር ማማዘዝ ነው። ይህን ሁሉ አሥራ አንድ ዓመት የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ባለሱቋ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «እሱን ጠይቁት» ነበር የሚሉት።

ባለፈው ክረምት አንድ ሠላሳ ያልሞላው ሰው ቀጠሩ። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለስላሳው እንለዋለን። እኔ «ይህ አይሆንም» ብዬ የምመልሰውን ደንበኛ እሱ ወንበር ሰጥቶ ለምን እንደማይሆን ያስረዳዋል፤ ሰውየውም እየሳቀ ሌላ ዓሣ ገዝቶ ይሄዳል። በሁለት ወር ውስጥ «እሱን ጠይቁት» የሚባልለት እሱ ሆነ። እታበባ፣ አልዋሽሽም፣ አንጀቴ አረረ። ሳቁ ያመኝ ጀመር። ምሳ ዕቃውን ከኔ ምሳ ዕቃ አጠገብ ሲያስቀምጥ እንኳ አንስቼ ወዲያ አደርገው ነበር።

ከደንበኞቻችን አንዷ አዋላጅ ነች። ሳሎኗ ያለውን ሣጥን ከባዶው ጀምሬ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሆነው። ሰባት ዓሦች ነበሩበት። ባለፈው ወር ስምንተኛ ፈለገችና ደወለች። ባለሱቋ ማንን ልላክልሽ ቢሏት «ያ ቀስ ብሎ የሚናገረው ይምረጥልኝ፤ የድሮው ይቆጣኛል» አለች። የስልኩ ድምፅ ማጉያ ክፍት ስለነበር ሰማሁ። የድሮው እኔ ነኝ።

ለስላሳው ከመምረጡ በፊት እኔ ዘንድ መጣ። «ጋሼ፣ እዚያ ሣጥን ውስጥ እነማን አሉ?» አለኝ። ቆጠርኩለት። ስድስቱን። ሰባተኛዋን ተውኳት። ጣት የምታህል ሰማያዊ ዓሣ ነች፤ ሰው ባልዲ ይዞ ሲመጣ ድንጋይ ሥር ትገባለች፣ ሰው ሲሄድ ወጥታ ሁሉንም ትገዛለች። ያልተነገረው ሰው አያያትም። እሱ የመረጣት ዓሣ በመልክም በቀለምም የሷ እህት የምትመስል፣ ጠባይዋ ግን የዋህ ነበረች። «ምን ይላሉ፣ ትሆናለች?» አለኝ። «መራጩ አንተ ነህ» አልኩት። ባልዲውን የተሸከምኩለትም እኔው ነኝ።

በሦስተኛው ቀን አዋላጇ ደወለች። አዲሲቱ ክንፏ ተቦጫጭቆ ጥግ ላይ ሞታ ተገኘች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ ግን ሳልጎረጉር፣ ዝም ብዬ ነው ዘንዶውን ያወጣሁት። ለስላሳው ሄዶ የሞተችውን በላስቲክ ይዞ ተመለሰ። ባለሱቋ በሁላችን ፊት «ማን እንደሚኖርበት ሳትጠይቅ ነው እንዴ የምታስገባው?» ብለው ጮኹበት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መስታወት እወለውላለሁ። አሁን እኔን ይጠራል ብዬ ስጠብቅ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ በደንብ አላጣራሁም» አለ። ምርጫው ወደ እኔ ተመለሰ፤ እሱ በርሜል አጠገብ ቆሞ ጨውና ውኃ እንዲያዋሕድ ተደረገ።

አራት ቀን ደስ አለኝ፣ አልክድም። በአምስተኛው ቀን በርሜሉን እያማሰለ «ጋሼ፣ የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል» አለኝ። በያንዳንዱ ደንበኛ ቤት፣ ከሣጥኑ ሥር ባለው መደርደሪያ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ የዓሦቹን ዝርዝር ጽፌ መለጠፍ ልማዴ ነው። የአዋላጇን ከለጠፍኩት ስድስት ዓመት ስላለፈ ረስቼው ነበር። የሞተችውን ሊያመጣ ሲሄድ ከፍቶ ሰባቱንም አንብቧል። ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። ማማሰሉን ሳያቆም «እኔ ሌላ ሱቅ አገኛለሁ። እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ የት ይሄዳሉ?» አለኝ። ሊሰድበኝ አልነበረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እስከዚያ ድረስ የምቀናው በሥራው ነበር። ከዚያ በኋላ በልቡ ቀናሁ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው። ሥራን ከሰው መንጠቅ ይቻላል።

በማግሥቱ ለባለሱቋ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨዋነት እንዳይመስልሽ። የሱ ምሕረት አንገቴ ላይ ተቀምጦ ከሚኖር ብባረር ይሻለኛል ብዬ ነው። አላባረሩኝም። «በርሜሉን አንተ ያዝ» አሉ። አሁን የማማስለው እኔ ነኝ፤ ጨው መዳፌን ሰነጣጥቆታል። እሱ ይመርጣል፤ ምሳ ዕቃውንም እንደ ድሮው ከኔው አጠገብ ያስቀምጣል። ትናንት ለአዋላጇ አንዲት ብርቱካንማ ዓሣ ሲያስገባ ባልዲ ይዤ ቆሜ ስህተት ፈለግሁበት። አጣሁ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ደብዳቤውን ስታነቢላት ይህን ሁሉ ዝለዪና አዲስ ሥራ ተሰጠው በያት፤ ውሸት አይደለም። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢ፤ ጥርሱን መፍራቱን ትቶ ይነቀል። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት እንዳለፈች ራሷ ትጻፍልኝ። መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ፤ ማንኛቸውንም አስቀድመሽ አትሳሚ። ለታናሻችንም ሰላም በይልኝ። አዲስ ቤት መግባቱን ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ አለህ በይው። ስንት ክፍል እንዳለው ግን አትጻፊልኝ።

ወንድምሽ
ከዓሣ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፪ ቀን