ከበሩ በላይ ያለው ምንጣፍ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2

ትምህርቱን ጀመርን። በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ በሴቶች ማኅበሩ አዳራሽ። የስንደዶ ስፌት የሚሰፉና ልብስ የሚሸጡ ሴቶች ናቸው፤ ዕቃቸውን በስልክ አንስተው በቴሌግራም መሸጥ ይፈልጋሉ። የማኅበሩ ሰዎች ባለፈው ሳምንት ፎቶ ቤቴ ድረስ መጥተው "አስተምሪልን" አሉኝ። እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ። እኔና ማስተማር...

ድምፄ ከኋላ ላሉት አልደረሰም መሰለኝ። ደጋግመው "ምን አሉ?" ይላሉ።

"ቅረቡ" አልኳቸው። "ፎቶ የሚበላሸው ስለምትርቁ ነው።" አንዷም ከቦታዋ አልተነሳችም። ሁሉም ሁለት ጣታቸውን ስልኩ ላይ ዘርግተው ማጉላት ጀመሩ።

"በእግራችሁ ነው እንጂ" ስል ሳቁ። ልደት የምትባል ሸዋ በር ላይ ሻሽ የምትሸጥ ልጅ አለች። "እትዬ ተናኘ፣ ስልኩ ከቀረበልኝ እኔ ለምን እለፋለሁ?" አለችኝ።

መልሱ ቤት ስገባ መጣልኝ። በእግርሽ ስትቀርቢ ያ ነገር አንቺንም ያይሻል... ማለት ነበረብኝ። አሁን ለማን ልበለው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ደንበኛ አልመጣም። ለጉርድ ፎቶ ከሰው ጀርባ የምሰቅለውን ነጭ አንሶላ አጠብኩ። ስንት ዓመት ከሰው ራስ ጀርባ ቆሟል... ከኔ ይልቅ እሱ ነው ፎቶ አንሺ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሳፊያ የምትባለው የስፌቶቿን ፎቶ አሳየችኝ። ያላትን ሁሉ ደርድራ፣ ቁልላ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ጭና በአንድ ፎቶ አንስታዋለች። የጉሊት ቃጠሎ ይመስላል።

"አንዷን ብቻ አንሺ" አልኳት።

"ሌሎቹ ምን በደሉ?"

አጠገቧ ያለችው ሂክማ "ይቀየማሉ'ኮ እትዬ" አለች። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጓደኛ ናቸው። አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ይቀመጣሉ፤ አንድ ቻርጀር ይጋራሉ፤ አንዷ ስትሳሳት ሌላዋ ናት የምትሳቀቀው።

ከዚያ በእርግጠኝነት የማውቀውን አንድ ነገር አስተማርኳቸው። ከጀርባ ያለውን አጽዱ። ዓይን የሚስብ ትርፍ ነገር ካለ አውርዱ።

ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። በልጅነቴ ፎቶ ቤት ውስጥ ጽዳት ስሠራ፣ የተበላሹ ፎቶዎችን ከቆሻሻ ቅርጫት እየለቀምኩ ቤቴ እወስድ ነበር። እያንዳንዱን "አንተን ለምን ጣሉህ?" እለዋለሁ። ከሙሽራ ራስ ላይ የበቀለ ዛፍ። ከሽማግሌ ትከሻ ጀርባ የተሰጣ የውስጥ ልብስ። መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው አንድ መጽሐፍም ነበረኝ፤ መካከሉን ብቻ አነበብኩ። እስካሁን የማውቀው መካከሉን ሳይሆን አይቀርም።

የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ቤታችሁን ከውስጥ አንሱ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሳፊያ ላከች። ሦስቴ አየሁት። ቀይ የተቀባው መደብ፣ ግድግዳው ላይ ሳህኖቹና ስፌቶቹ፣ በበሩ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቶ... አንድ ትርፍ ነገር የለባትም። ሳፊያ ሰምታኛለች።

በትልቁ አሳተምኩና በፎቶ ቤቴ መስታወት ላይ ሰቀልኩት። ሳልጠይቃት። ደስ ይላታል ብዬ። ሸዋ በር የሚያልፍ ሁሉ ይያት። በራሴ ፎቶ እንኳ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሂክማ ዛሬ በሌላኛው ጥግ ተቀመጠች። ቻርጀር ከልደት ተዋሰች። ሳፊያ ቀና ብላ አላየቻትም።

ቅናት ይሆን? የአንዷን ሰቅዬ የሌላዋን ስላልሰቀልኩ? ትልልቅ ሴቶች... ግን ሰው ነን። ጥፋቱ የኔ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

የሂክማንም አሳትሜ ሰቀልኩ። ቤቷ የተደረደሩ የበርበሬ ከረጢቶች ናቸው፤ ደህና ፎቶ ነው። ከሳፊያ ቤት ጎን ለጎን አደረግኩት። ይኸው፣ ታርቀዋል አልኩ ለራሴ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ሂክማ ቀረች።

ዛሬ "ስትጫኑ ትንፋሻችሁን ያዙ፣ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ" አልኳቸው። ልደት ጥሩ ነገር እስክታገኝ ትንፋሿን ይዛ አዳራሹን ዞረች። ፊቷ ቀልቶ "እትዬ፣ ጥሩ ነገር ሳላገኝ ልሞት ነበር" አለች። ሁሉም ሳቀ። ሳፊያ አልሳቀችም። ያነሳችው ሁሉ የተንቀጠቀጠ ነው።

"አሞሻል?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።"

ደህና አይደለችም። ግን እኔ ደግሞ ሁለተኛ መጠየቅ አላውቅበትም...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

የሳፊያ ልጅ ሱመያ መጣች። ጉርድ ፎቶ ፈልጋ መስሎኝ አንሶላውን ሳስተካክል "ለፎቶ አይደለም" አለች። እጇን አጣምራ ቆመች።

"እትዬ፣ የቤታችንን ፎቶ ያውርዱልኝ።"

"ምነው? አስቀየምኳችሁ?"

"ከበሩ በላይ ምንም የለበትም።"

"አዎ... ንጹሕ ናት።"

አየችኝ። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም።

"እዚያ ላይ ምንጣፍ ነበር እትዬ። የኔ ምንጣፍ ነው።"

ወንበር ሰጠኋት። ቀስ እያለች ነገረችኝ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከበሩ በላይ ይቀመጣል። ልጅቷ ስትታጭ ይወርዳል። የገባ እንግዳ ቀና ብሎ አይቶ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ የለም። ሳፊያ "ዓይን የሚስብ አውርዱ" ስላልኩ አወረደችው። ፎቶውን አንስታ ወዲያው መለሰችው። ለትምህርት ነው ብላ ነበር የላከችልኝ። ምንጣፉ ቦታው ተመልሷል፤ ፎቶው ግን ሸዋ በር ላይ ቆሟል።

የነስሮ እናት አትክልት ልትገዛ መጥታ አየችው። ነስሮ የሂክማ እህት ልጅ ነው። ሽማግሌ ሊልኩ ቀን ቆርጠው ነበር። "ልጅቷን ለሌላ ሰጥተዋታል፤ ፊት ለፊት እምቢ ላለማለት መስታወት ላይ ሰቀሉልን" አለች። ሽማግሌው ቀረ።

"አንቺስ ነስሮን..." አልጨረስኩትም።

"እሱን ነው" አለች፣ ጫማዋን እያየች።

"ለምን አትደውይለትም?"

"ነገርኩት። አምኖኛል። እናቱ ግን የምታምነው ዓይኗን ነው።"

"እሺ፣ እኔ ሄጄ ለሂክማ ልንገራት።"

"አይ እትዬ። ከእኛ በኩል ወሬ ከሄደ እናቴ ልጄን ውሰዱልኝ ብላ እንደለመነች ነው የሚቆጠረው። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ ከቤት አትወጣም።"

ፎቶውን አወረድኩት። ጥቅልል አድርጌ ልሰጣት ስል "እርስዎ ጋ ይቀመጥ" ብላኝ ሄደች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ከግንቡ ውጭ ተወልጄ ከግንቡ ውጭ አረጀሁ። የጀጎልን ቤት ስንት ጊዜ ገብቼ አይቻለሁ... ሠርግ አንስቻለሁ፣ የልጆች ልደት አንስቻለሁ። ቀና አላልኩም? ብዬ ነበር። ምንጣፍ አየሁ፤ ሌላ ምን ላይ?

በእኛ ቤት በር ላይ የሚቀመጥ ነገር የለም። ቢኖር ኖሮ የኔን ይኸኔ ብል በልቶት ነበር።

መስታወቱ ላይ ፎቶው የነበረበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ንጹሕ ነው። ንጹሕ... ይህችን ቃል ጠላኋት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ትምህርቱን "አሞኛል" ብዬ ሰረዝኩ። አላመመኝም። ምን እንደማደርግ አላወቅሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሳፊያ ቤት ሄድኩ።

"የቅዳሜው ትምህርት ስለ ብርሃን ነው። እዚህ፣ ቤትሽ ብናደርገውስ?"

ስፌቷን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ሱመያ እንደነገረችኝ ታውቃለች? አልጠየቅኳትም።

"ቤቱን ላዘጋጅ?" አለች በመጨረሻ።

"ምንም እንዳታወርጂ። ያለው ሁሉ እንዳለ ይሁን።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። በተለይ ከላይ ያለው።"

ስፌቷን አነሳች። ወስፌው ሁለት ጊዜ ወጥቶ ገባ። ከዚያ "እሺ" አለች። እሺታዋ ቀጭን ነበር።

ለሂክማ ደወልኩ። "የማን ቤት?" አለችኝ። ስነግራት "ሥራ አለብኝ" ብላ ዘጋችው። ለልደት ነገሩን ሳልነግር "ሂክማን ይዘሽልኝ ነይ" አልኳት። "በባጃጅ ጭኜ አመጣታለሁ፣ አያስቡ" አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

እንዳልረሳው ሁሉንም ልጻፍ።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ሴቶቹ መደቡ ላይ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ነኝ እንዲያ ያስቀመጥኳቸው። ሂክማ ከልደት ጋር መጨረሻ ገባች። "አሰላሙ ዐለይኩም" አለች ወለሉን እያየች። ሳፊያ "ወዐለይኩሙ ሰላም" አለች ግድግዳውን እያየች።

"በዚህ ቤት ብርሃን የሚመጣው ከበሩ ነው" አልኩ። "ዛሬ በሩን ነው የምናነሳው። ሙሉውን፣ ከነላዩ።"

ስልኮቹ ሁሉ ተነሡ። ምንጣፉ ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ቀይ ነው፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ዘርፍ አለው። ሂክማ ስልኳን አላነሳችም። ቀና ብላ አየችው። ቆየች።

"መምህርት።" መምህርት ብላኝ አታውቅም። "ያን ጊዜ ይህን ምንጣፍ ማን አወረደው?"

የሳፊያ እጅ ጉልበቷ ላይ ቆመ።

"እኔ" አልኩ። ድምፄ እስከ ጥግ ድረስ ተሰማ መሰለኝ። "ዓይን የሚስብ ትርፍ ነገር አውርዱ ብዬ አዘዝኩ። ሳፊያ ታዘዘች፤ አንስታ ስትጨርስ መለሰችው። ሳልጠይቃት መስታወት ላይ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ። ምንጣፉ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።"

"አያውቁም?"

"አላውቅም።"

"ሐረር ተወልደው?"

"ሐረር ተወልጄ።"

ሂክማ አፏን በሻሿ ያዘች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው።

"አቦ፣ ዓይን እንዲስብ አይደል እንዴ የተቀመጠው።"

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው። ልደት ምኑም ሳይገባት ከሁሉም በላይ ሳቀች። ሳፊያ ፊቷን አዙራ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሂክማ ተነሥታ ሄዳ ከጎኗ ተጣባ ተቀመጠችና አንድ ፎቶ አነሳች። ብርሃኑ ነዶበታል፣ በሩም ተንጋዷል። ምንጣፉ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስልኳ ላይ የሆነ ነገር ትነካካለች።

"ለማን ነው የምትልኪው?" አለች ልደት።

"ለእህቴ። ብርሃኑን ትየው።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሽማግሌዎቹ ዛሬ ሳፊያ ቤት ገብተዋል። ልደት እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ። ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ትምህርቴን አስተካከልኩ። "ከማውረዳችሁ በፊት ምን እንደሆነ ጠይቁ" አልኳቸው። አሁን ደግሞ ማንም ምንም አያወርድም። ልደት ሻሿን ያነሳችው ካልታጠበ ሳፋ አጠገብ ነው።

"ልደት፣ ይኸስ?"

"ጠየቅኩት እትዬ። ሳፋ ነኝ አለኝ።"

ሳፊያና ሂክማ በአንድ ቻርጀር ላይ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ጭቅጭቃቸውን ስሰማ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ሱመያና ነስሮ ለጋብቻ ወረቀት ጉርድ ፎቶ ሊነሡ መጡ። ነስሮ ረጅም፣ አንገተ ሰባራ ልጅ ነው። "አሰላሙ ዐለይኩም እትዬ" ከማለት በቀር አልተናገረም። ነጩን አንሶላ ሰቀልኩ፤ ወረቀቱ ይፈልገዋል። ተራ በተራ አነሳኋቸው።

ከዚያ አንሶላውን አወረድኩት። ከኋላው ያለውን ግድግዳ ደንበኛ አይቶት አያውቅም። ከቅርጫት የለቀምኳቸው የተበላሹ ፎቶዎች ተለጥፈውበታል። ሙሽራዋ ከነዛፏ፣ ሽማግሌው ከነልብሱ።

"እነዚህ እነማን ናቸው?" አለች ሱመያ።

"መምህሮቼ።"

"በእነሱ ፊት ያንሱን።"

አብረው አነሳኋቸው። አንድም ነገር አላወረድኩም።

ሊወጡ ሲሉ ሱመያ በሩ ላይ ቆመች። "እትዬ፣ ፎቶዋ አለች?"

ከመሳቢያ አወጣሁላት። ቀይ መደብ፣ ሳህኖች፣ ወለሉ ላይ የተኛ ብርሃን። ከበሩ በላይ ባዶ።

"እናቴ ትናንት ምንጣፉን አወረደችው" አለች። "አሁን ይስቀሏት።"

ሰቀልኳት። እነሱ ከሄዱ በኋላ ወጥቼ ከመንገድ ማዶ ቆሜ አየኋት። አንዲት ሴት የሽንኩርት ዘንቢል ይዛ መስታወቱ ፊት ቆመች። ነስሮን ነስሮን ትመስላለች። ቀና ብላ ፎቶው ላይ ከበሩ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ አየች። ቆየች። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።