መስኮቱን ላስዘጉት እንደራሴያችን

ለተከበሩ አቶ ጣሰው ቢሆነኝ፣
በምክር ቤት የሾላ አፋፍ ሕዝብ ድምፅ፣ ጆሮ፣ በተለይም እጅ፣
ካሉበት።

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ያ ብርድ ተወዎት ወይ? ባለፈው ኅዳር በቴሌቪዥን ስናይዎት አፍንጫዎ ቀልቶ ነበርና፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሾላ አፋፍ ስለ እርስዎ አፍንጫ ሳይጸለይ ያለፈ እሑድ የለም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ገብሱ ተዘርቷል፣ ሰኔም ዝናቡን አልነፈገንም፣ ጥቁር ውሃ ወንዛችንም ከቀን ወደ ቀን እየወፈረ ሰላምታውን በጩኸት ያቀርብልዎታል።

ይህን ደብዳቤ በመጽሔት ማውጣቴ እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎት። በሰው እጅ የላክናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ወሬያቸው ስለጠፋ ነው፤ መጽሔት ግን ፀጉር አስተካካይ ቤት ድረስ ይገባል፣ የእርስዎም ፀጉር ምንጊዜም እንደተስተካከለ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የዛሬ አራት ዓመት በጥቁር ውሃ ላይ ለሚሠራው ድልድይ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ከፊት ቆመው ያጨበጨቡት እርስዎ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በወዲህ ዳር አንድ ምሰሶ፣ በወዲያ ዳር አንድ ምሰሶ ቆመ፤ በመካከላቸው እስከ ዛሬ የሚመላለሰው ቁራ ብቻ ነው። ሥራው ለምን እንደቆመ በምክር ቤት እንዲጠይቁልን ሽማግሌዎቹ በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፈው ሲሰጡዎት፣ ከግራጫ ኮትዎ የውስጥ ኪስ ከተቷትና ደረትዎን መታ መታ አድርገው «ጥያቄያችሁ ከልቤ አጠገብ ናት» አሉን። እኛም እልል አልን፤ እልል ማለት እንወዳለን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ስብሰባዎ አላመለጠንም። ቴሌቪዥኑ ያለው አበባው ወፍጮ ቤት ነው፤ ወፍጮ እየጮኸ ደግሞ የምክር ቤት ንግግር አይሰማምና፣ እርስዎ በተሰበሰቡ ቁጥር ወፍጮው ይቆማል። በሁለቱ ቀን የበጀት ውይይት ጊዜማ ዱቄት የሚባል ነገር ከቀበሌው ጠፍቶ፣ ሕፃን ሽማግሌው በቆሎና በንፍሮ ሰነበተ። ቅር አላለንም፤ ሕዝብን መወከል ጥርስ እንደሚፈልግ ያኔ ተረዳን።

ክትትሉን የያዙልን ሁለት ሰዎች ናቸው። የእህቴ ልጅ ሀና፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፣ የድምፅ አሰጣጥዎን ትይዛለች። ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሦስት ቅል ሰቅላ፣ ሲደግፉ ባቄላ፣ ሲቃወሙ ሽምብራ፣ ድምፀ ተዓቅቦ ሲያደርጉ ምስር ትጥላለች። ንግግርዎን የሚይዙት ደግሞ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ደብር ድጓ አስመስክረው የመጡ፣ ትንኝ ስታዛጋ የሚሰሙ፣ ከሰው አፍ የወጣውን ድምፅ ሁሉ ከፍ ዝቅ ማለቱን በትንንሽ ምልክት ከቃሉ ራስ ላይ ካላኖሩ እህል የማይወርድላቸው ሰው ናቸው። እነዚህ ሁለቱ የደረሱበትን በታላቅ አክብሮት እነሆ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ እጅዎ። የባቄላው ቅል ሞልቶ ተርፎ ሁለተኛ ቅል ተጨምሮለታል። የሽምብራው ቅል ባዶውን በመክረሙ ወርዶ ጥግ ቢቀመጥ፣ ባለፈው ጥር የአበባው ዶሮ ገብታ ታቀፈችበት፤ ሰባት ጫጩት ፈልፍላለችና ተቃውሞዎ ፍሬ አላፈራም የሚል ሰው ቢገጥምዎት አይስሙት። በምስሩ ቅል አንዲት ምስር አለች፤ ካሜራው ዞር ብሎ እጅዎን ያላየንበት ቀን ናት፣ ሀና ኃጢአት ፈርታ እንዲያ መዘገበችልዎት። ክፉ ሰዎች እጅዎ ሲጠየቅም ሳይጠየቅም ይነሣል ይላሉ። እኔ ይህን አላምንም፤ ብቻ ሰብሳቢው «የሻይ ዕረፍት እንውጣ ወይ?» ሲሉ ከሁሉ ቀድሞ የተነሣውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሀና ባቄላዋን ይዛ ልጣል አልጣል ስትል፣ ጎረቤታችን እምዬ ወለተ ሥላሴ «ጣይለት ልጄ፣ ከልቡ ያነሣው ይህችን ብቻ ነው» አሉ።

፪ኛ፦ ስለ አንደበትዎ። ባለፈው ኅዳር እስኪደርስ ድረስ በመሪጌታ መዝገብ የሰፈረው ሁለት ሳል፣ አንድ ማስነጠስና አንድ «እህ» ነው። መሪጌታ አንዱንም አልናቁ። የፊተኛው ሳል በግዕዝ ዜማ፣ የኋለኛው በዕዝል እንደሆነ፣ ማስነጠሱ ግን አራራይ ስለሆነ አንጀት እንደሚበላ አስረድተውናል። «ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ አጭር ድርሰት ገጥሟቸው አያውቅም፤ በአንድ ጀንበር በቃላቸው ያዙት» ብለው አመስግነውዎታል።

፫ኛ፦ ስለ ኮትዎ። በሁለተኛው ዓመት ግራጫው ቀርቶ ሰማያዊ ኮት ለብሰው ብቅ ያሉ ዕለት ወፍጮ ቤቱ ተረበሸ። ወረቀታችን የት ቀረች? ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተሰብስበው እስከ ማታ ተከራከሩ፤ ግማሹ ባለቤትዎ ወደ አዲሱ ኪስ አዛውረዋት ይሆናል አለ፣ ግማሹ ከኮቱ ጋር ታጥባለች አለ። በመጨረሻ ታጥባም ከሆነ ንጹሕ ጥያቄ ናት ተብሎ በስምምነት ተበተነ።

፬ኛ፦ ይህ እንኳ ቅሬታ አይደለም፣ ታሪክ ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ ስለ መንገድና ድልድይ ሪፖርት እየቀረበ ሳለ፣ እጅዎ ተነሣ። ድምፅ ስጡ አልተባለም። የሻይ ሰዓትም አልደረሰም። ሰብሳቢው በክብር ስምዎን ጠሩ። አበባው ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ መሪጌታ ብዕራቸውን አጠቀሱ፤ ከአርብ ገበያ አህያውን እየነዳ ሲመለስ የነበረ ሰው ሁሉ ጭነቱን ሳያወርድ በር ላይ ቆመ። እርስዎ ተነሡ። ኮትዎን ቆለፉ። ከዚያም፣ የተከበሩ ሆይ፣ እጅዎን ወደ ውስጥ ኪስዎ ሰደዱ! ሴቶቹ የእልልታውን ግማሽ ለቀቁት። እርስዎም መሐረብ አወጡ፣ አፍንጫዎን ጠረጉ፣ እንዲህም አሉ፦

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ከኋላዬ ያለው መስኮት ተከፍቶ ብርድ እየገባ ነውና ቢዘጋልኝ።»

አሥራ አንድ ቃል። አንድ ሰው ሮጦ መጣ፣ መስኮቱ ተዘጋ፣ እርስዎም አመስግነው ተቀመጡ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የእልልታው ሌላው ግማሽ በሴቶቹ ጉሮሮ እንደ ተቀረቀረ ቀረ፣ ጭነት የያዙት አህዮች ብቻ ተንፈስ ተንፈስ አሉ። እኔ እንኳ በዚያች ሰዓት ስለ እርስዎ ያሰብሁትን እዚህ አልጽፈውም፤ ጾም ነበር። ቀድመው አፋቸውን የከፈቱት እምዬ ወለተ ሥላሴ ናቸው። «አያችሁ! አያችሁ!» አሉ እያጨበጨቡ፣ «ልጁ ሲጠይቅ ይሰጡታል እኮ!»

እውነታቸውን ነው። መዝገቡን አገላብጠን አየነው፤ በአራት ዓመት ያቀረቡት አንድ ጥያቄ ነው፣ እሱም በአንድ ደቂቃ ተፈጸመ። ከምክር ቤቱ ሁሉ የጠየቀው አንድም ሳይቀር የሆነለት ሰው እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። እንዲህ ያለ ጸጋ እያለዎት እኛ በወረቀት ማስቸገራችን የኛ ጥፋት ነው። አንድ ገጽ ጽፈን መስጠታችን በዛብዎት፤ የእርስዎ ልክ አሥራ አንድ ቃል ነው።

ስለዚህ መሪጌታ መላ ዘየዱ። ድጓ ቤት ልማድ አለ፤ አዲስ ቃል ሲመጣ አዲስ ዜማ አይፈጠርለትም፣ ቀድሞ በታወቀ ዜማ ልክ ይቆረጥና ይገባበታል፣ ተማሪውም አይደክምም። መሪጌታም የመስኮቱን ዜማ ከነምልክቱ እንዳለ ትተው፣ አምስት ቃል ብቻ በመለወጥ እንዲህ አሰናድተውልዎታል፦

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ከፊታችን ያለው ድልድይ ሳያልቅ ክረምት እየገባ ነውና ቢሠራልን።»

ይኸውም አሥራ አንድ ነው፤ ይቁጠሩት። «ክረምት» ላይ «ብርድ» ሲሉ እንዳደረጉት ድምፅዎን ያንቀጥቅጡት፤ መሪጌታ ያችን መንቀጥቀጥ በጣም ወደዋታል። «ቢሠራልን» ላይ ወደ ታች ይድፉት፣ ከዚያ ይቀመጡ። ኮት መቆለፍና መሐረብ ማውጣት እንደ ፈቃድዎ ነው። እንዳይቸገሩ ብለን የወፍጮ ቤቱ ሕዝብ በሙሉ ሲያዜመው በስልክ ቀድተን ልከንልዎታል፤ አህያ የሚያናፋበት ቦታ ከዜማው አይደለም።

ጥድፊያው ምንድን ነው ይሉ ይሆናል። ምክር ቤቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ሀና ደግሞ፣ ይህችው ባቄላ ጣይዋ፣ ነፍሰ ጡር ናት፤ የጤና ኬላችን ሠራተኛ ፅጌረዳ ሐምሌ ከገባ በኋላ ቀን እንደማትጨምር ነግራናለች። የመጀመሪያዋ ነው፣ እግሯም አብጧል፣ ፅጌረዳ «ይህችስ ጤና ጣቢያ መውለድ አለባት» ብላ ፊቷን አጥቁራለች። ጤና ጣቢያው አርብ ገበያ ነው። አርብ ገበያ ከወንዙ ወዲያ ነው። ድልድይ በሁለት ሳምንት እንደማይሠራ እናውቃለን፤ ሞኞች አይደለንም። ነገር ግን እርስዎ ከጠየቁ፣ ቢያንስ የገመድ መሻገሪያ፣ ቢያንስ አንድ ሮጦ የሚመጣ ሰው አይጠፋም ብለን ነው፤ ለመስኮቱ አልጠፋምና።

እጅዎ አይዛል፣ ጉሮሮዎ አይድረቅ፣ ከኋላዎ ያለ መስኮት ሁሉ እንደተዘጋ ይኑር እያልሁ፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኗን ከእርስዎ ላይ ያላነሣች አክባሪዎ፣

ቦጋለች አምሳሉ፣
ከሾላ አፋፍ፣ ከወንዙ ወዲህ፣
ሰኔ ፲፪ ቀን።

ዳግመኛ የተጨመረ፣ ሰኔ ፳፦

ደብዳቤውን ለመጽሔቱ እንዲላክ አርብ ገበያ ሊያደርስልኝ የተነሣው የመንደራችን ልጅ አዱኛ ወንዙ ሞልቶበት ስምንት ቀን ስለተቀመጠ፣ ይህችን ለመጨመር ጊዜ አገኘሁ። ትናንት ጠዋት ሀና ምጥ ያዛት። ሃያ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወርደው፣ ውሃው ይጎድል እንደሆነ ከወዲህኛው ምሰሶ ሥር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ። አልጎደለም። ፅጌረዳ በነጠላ ጋርዳ እዚያው አዋለደቻት። እናቲቱ ብዙ ደም ፈሷታል፤ በሕይወት አለች፣ ነገር ግን ስታናግረን ድምፅዋ ከሩቅ ነው፣ ፅጌረዳም እስካሁን ከአጠገቧ አልተነሣችም፤ ወንዙ ፋታ የሰጠ ቀን አሻግረናት እንሮጣለን።

ተሸካሚዎቹ በረኃብ ሲዝሉ እምዬ ወለተ ሥላሴ ወፍጮ ቤት ገብተው ሁለቱን የባቄላ ቅል አወረዱና ቀቅለው አመጡላቸው። ስለዚህ የአራት ዓመት ድጋፍዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብዎ ዘንድ ደርሷል፤ ጨው ብቻ አንሶታል።

ልጁ ወንድ ነው። መሪጌታ የመጀመሪያ ለቅሶውን ከነምልክቱ ለመጻፍ ገጽ ተኩል ፈጀባቸው፣ ከእርስዎ መዝገብ በዚያው በተወለደበት ሰዓት በልጦ አለፈ። ስሙን ተሻገር ብለነዋል። በምን እንደሚሻገር እርስዎ ይጠይቁልን።