የጥልፍ ማሽኔ ክረምት

ግንቦት 21፣ ከቀኑ 10 ሰ.
ፍሪጁ ባዶ። በሆምጣጤ ተወልውሎ ደርቋል፤ በሩ እንዳይገጥም እንጨት አስገብቼበታለሁ። አምና አንዱ ጎረቤታችን ዘግቶት ሄዶ ሲመለስ ሻጋታ ተቀበለው። በእኔ ቤት አይደረግም። ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ተነቅሎ ሣንቃ ላይ ወጥቷል። በላዩ ስስ ጨርቅ ብቻ፣ እንዲተነፍስ። እርጥበት እንዲጠጣ ከሰል በጨርቅ ቋጥሬ በየጎኑ አኑሬያለሁ። ማስታወሻዬ፣ በሰፈራችን በካርቲየ 7 ቢስ ውስጥ እንደኔ ቤት መዝጋት የሚችል ካለ ይምጣና እንተያይ።

ሰኔ 5 ወደ አ.አ. እንሄዳለን። ልጄ ቤዛ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው፤ ማን ያርሳታል ከእኔ ሌላ። እስከ መስከረም ቤቱ ያለ ኤሲ ተዘግቶ ይከርማል። ሰው ያልቻለውን የጅቡቲ ሙቀት ዕቃ እንዴት ይቻለው።

የቀረችኝ ጥልፍ ማሽኔ ናት። ለመስከረም የሙሽራ ቀሚስ ልጠልፍ ተቀብያለሁ። ዝጋ ካገኘኋት እንጀራዬ አበቃ።

ግንቦት 23፣ ከቅዳሴ መልስ
ባለቤቴ ተስፋዬ ቀድሞኛል። ማሽኗን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ዙሪያዋን በፕላስተር አሽጎ ጠበቀኝ። ደረቱን ነፍቷል።

ግንቦት 24፣ ጠዋት
ሌሊቱን ኤሲው ቤቱን አቀዝቅዞት፣ ላስቲኩ ከውስጥ አልቦታል። የባሕሩን እርጥበት አብሮ አሽጎልኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቀድጄ አወጣኋት፣ አደረቅኋት፣ ዘይት ቀባኋት። ተስፋዬ አኩርፏል፤ ለአንቺው ብዬ ነው ይላል። አውቃለሁ። ስለዚህ አልሳቅሁበትም። ትንሽ ብቻ።

ግንቦት 26
ሐዋ መጣች። ሶማሌዋ ጎረቤቴ፤ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ዲራ፣ ያንን የሶማሌ ሴቶች ሰፊ ቀሚስ፣ ትሰፋለች። ፍሪጁን አየች፣ ከሰሉን አየች፣ አደነቀች። እኔም ጅንን አልኩ። ማሽኗ ጋ ስትደርስ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ይቺ ምን አጥፍታ ነው የምታስሪያት? ሥራ የለመደ ነገር ሲቀመጥ ነው የሚሞተው። እኔ ጋ ትክረም።»

ተናደድኩ። ከእኔ እጅ በቀር የነካት የለም። ቤዛን እንኳ ከልክያለሁ።

ግንቦት 28
መዘውሯን ባዞረው ከበደኝ። ወይ ሳትሠራ ቆይታ ነው፣ ወይ ልቤ ነው የከበደው። ካሰብኩት ሐዋ እውነቷን ነው። ደግሞ እውነት ሲነገረኝ አልወድም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የምል ሰው ራሴ ነኝ።

ሰኔ 1
ተሸክመን ሐዋ ቤት ወሰድናት፣ ተስፋዬና እኔ። ሐዋ ማሽኗ ፊት ተቀመጠች። የመጀመሪያው ጥልፍ ጠመመ፤ ምላሴን ነከስኩ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ የኔን ሐረግ በዲራ ጠርዝ ላይ አወጣችው። እኔ ያሳየኋት ሐረግ፣ በሶማሌ ልብስ ላይ። እንዴት ያምር ነበር! እቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከኩራት ነው፤ ተስፋዬ ግን ማሽኗ ናፍቃት ነው ብሎ ላጽናናሽ አለኝ።

ሰኔ 5፣ ናጋድ ጣቢያ፣ ባቡር ውስጥ
ቤቱ ተዘግቷል። የፍሪጁን በር ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁ። ቁልፉን ሐዋ ይዛለች፤ ከሰሉን ፀሐይ እያስመታች ትመልሰዋለች።

አሁን ደወለች። ሰላም እንኳ አላለችም፤ ስልኩን ማሽኗ አጠገብ አኖረችው። ትክ ትክ ትክ። ለተስፋዬ ጆሮ ሰጠሁት። ደህና ናት አለ፣ እንደ ዘመድ።

ወስኛለሁ። መስከረም ስመለስ ማሽኗን አልወስድባትም። የሙሽራዋን ቀሚስ እዚያው እሷ ቤት፣ አንዱን እጅጌ እኔ አንዱን እሷ እንጠልፈዋለን። ሙሽራዋ የቱ የማን እንደሆነ ከለየች ዋጋ አልቀበላትም።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ፣ ጽሑፌን እያጣመመብኝ ነው። ይብቃኝ።